ኔትወርክና መብራት አንድ ላይ ሲጠፋ፦ ኮዬ ፈጬ አካባቢ አማተር ሬዲዮ ያዋጣል?

ኮዬ ልጅ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው ምኖረው፣ የብሎካችን ኮሚቴ ውስጥም አለሁ። ሰሞኑን የተነሳ ነገር ስላለ ሚያውቅ ሰው እንዲያግዘን ብዬ ነው። እኛ ጋ መብራት ሄዶ ሲቆይ ስልኩም ተከትሎት ይሄዳል፣ መጀመሪያ ዳታው ቀጥሎ ጥሪው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ሌሊት ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ ፎቁን ሲያወዛውዘው ደግሞ ስልኩ ሁሉም እጅ ላይ ነበር ግን ሁሉም አንዴ ስለደወለ ጥሪ አልገባ አለ። ያኔ ምንም ሳይፈርስ አለፈ ተመስገን። ቢፈርስስ? 907 አምቡላንስ ወይ 939 እሳት አደጋን በምን እንጠራለን? ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተን ዎኪቶኪ እንግዛ እያሉ ነው፣ አንዱ ደሞ ውጭ አገር ስልክ ሲሞት አማተር ሬዲዮ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች መልክት ያደርሳሉ አለን። እዚህ ይቻላል? ሕጋዊ ነው? ሱሉልታና ለገጣፎ ቤተሰብ ያለው ሰው ጋስ ይደርሳል ወይ?

ሞገድ 40
ወንድሜ ጥያቄህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ግን እባካችሁ ዎኪቶኪውን አሁን አትግዙ። በሻንጣ ሚገቡት ባኦፌንግ ሚባሉ ርካሽ ዎኪቶኪዎች ለአማተር በተመደበው ሞገድ (አማተር ባንድ) ላይ ብቻ አይደለም ሚያወሩት፣ ቁጥሩን ስትነካካው የጸጥታ ሰዎች ወይ ሌላ ድርጅት ሚሰራበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ሊገባ ይችላል፣ ሳታውቀው ሰው እየሰራ እያለ በላዩ ላይ ትናገራለህ። ሕጉም ቀልድ የለውም፤ አዋጅ 761/2004 ያለፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትንም መጠቀምንም በዓመታት እስር ሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ፍሪኩዌንሲውን ሚያስተዳድረው ደግሞ በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚ መጀመሪያ ሰው ይሰለጥናል፣ ፈቃድ ይወጣል፣ መሣሪያ ከዛ በኋላ ነው።

አማተር ማለት ተፈትኖ ፈቃድና ኮል ሳይን (ሬዲዮ ላይ ሚጠራበት መለያ) የተሰጠው፣ ያለ ምንም ክፍያ ለትምህርትና ለሙከራ ሬዲዮ ላይ ሚወጣ ሰው ነው። የኛ አገር ኮል ሳይን በኢቲ ይጀምራል። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ፣ ኢቲ3ኤኤ ነው ስሙ፣ ተማሪዎች እዛ እየተማሩ ከዓለም ጋ ሲያወሩ ኖረዋል። ኮሚቴያችሁ መጀመሪያ ማንኳኳት ያለበት በር እሱ ነው። ሁለት ሦስት ትጉ ልጅ መርጣችሁ ላኩ፣ አሥር መሣሪያ ከመግዛት ሁለት በደንብ የተማረ ሰው ይበልጣል።

በአደጋ ጊዜ ስለማገዝ ደግሞ፣ ይሄ ከአየር የመጣ ሐሳብ አይደለም። የዓለም ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 25 ላይ አማተሮች ለአደጋ ጊዜ መገናኛ እንዲዘጋጁ ሚያስችል እርምጃ እንዲወስዱ አገሮችን ያበረታታል።

ታወር ቴክኒሻን
ሥራዬ ሳይት ላይ ስለሆነ ስልኩ ለምን እንደሚሞት ልጨምር። ብዙ ሰው ሳተላይት ምናምን ይመስለዋል፣ ስልክህ እኮ ሚያወራው ሰፈርህ ካለው ታወር ጋ ነው። ታወሩ ስር ባትሪ አለ፣ መብራት ሲሄድ እሱ ይይዛል፣ ባትሪው አዲስ ከሆነ ብዙ ሰዓት፣ ካረጀ ትንሽ ቆይቶ ይወድቃል። ጀነሬተር ያለው ሳይት ላይ ደግሞ ናፍጣ ሚያደርስ መኪና መንገድ ማግኘት አለበት። ባትሪው ሲዳከም ኃይል ሚበላው ዳታ ቀድሞ ሚጠፋው ለዛ ነው። ሁለተኛው ፋይበር ነው፣ መንገድ ሲቆፈር ወይ ጎርፍ ሲወስደው ታወሩ በራ ብሎ ቆሞ ከሌላው ዓለም ጋ ግን አይገናኝም። ሦስተኛው ኮዬ ልጅ ያልከው ነው፣ ምንም ሳይበላሽ ሁሉም አንዴ ስለደወለ መስመሩ መሙላት።

በሦስተኛው ጊዜ አንድ ነገር ልምከራችሁ፦ አትደውሉ፣ ኤስኤምኤስ ላኩ። ጥሪ ቻናል ይዞ ይቆያል፣ ኤስኤምኤስ ግን ትንሽ ቦታ ነው ሚፈልገው፣ ወረፋ ጠብቆም ቢሆን ይደርሳል። አንደኛውና ሁለተኛው ሲሆን ግን ኤስኤምኤስም የለም፣ ያኔ ነው የነ ሞገድ ነገር ሚያስፈልገው።

ሲስተር ሱሉልታ
እኔ ሱሉልታ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ፣ ይሄ ክር በጣም ነው የነካኝ። ምጥ የያዛት እናት ይዘን አምቡላንስ ለመጥራት ስልክ እያሰሱ ዳገት መውጣት ምን እንደሆነ እናውቀዋለን። ግን አንድ ጥያቄ፣ እንጦጦ መሃል ላይ ቆሟል እኮ። ኮዬ ያለ ሰው ሬዲዮ እኛ ጋ እንዴት ይሻገራል?

ሞገድ 40
ሲስተር ዋናው ነጥብ ላይ ነው የመጡት። በእጅ ሚያዘው 5 ዋቱ ሬዲዮ ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርዝ ባለው ባንድ ላይ ነው ሚሰራው፣ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ነው ሚሄደው፣ ተራራ አያልፍም። ኮንዶሚኒየም መሃል ቆመህ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ከሄደ ጥሩ ነው፣ ጣሪያ ላይ ከወጣህ ይጨምራል። እንጦጦ አናት ላይ ሪፒተር ቢቀመጥ በሁለቱም በኩል ይታያል፣ ከቱሉ ዲምቱም ከሱሉልታም ሰምቶ መልሶ ይለቃል፣ ያ ግን ፈቃድ፣ ቦታ፣ ኃይልና ጥበቃ ይፈልጋል፣ አንድ የብሎክ ኮሚቴ ብቻውን ሚያደርገው አይደለም።

ሌላው መንገድ በሰማይ በኩል ነው። 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለውን 40 ሜትር ባንድ ትይዛለህ፣ አንቴናውን ግን ከፍ አታደርገውም፣ ዝቅ ታደርገዋለህ። ሁለት ክንድ ሽቦ እያንዳንዱ 10 ሜትር፣ ሁለት ባሕር ዛፍ መሃል ከ4 እስከ 6 ሜትር ከፍታ ላይ አግድም ትዘረጋለህ። ያኔ ሞገዱ ወደ ጎን አይሸሽም፣ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይወጣና አዮኖስፌር ሚባለው የላይኛው የአየር ንብርብር ላይ ነጥሮ በዙሪያህ እስከ 300 እና 400 ኪሎ ሜትር ድረስ ይዘንባል። እንጦጦ፣ ወጨጫ፣ የረር ምንም አይከለክሉትም ምክንያቱም ከላይ ነው ሚመጣው። ሱሉልታ፣ ደብረ ብርሃን፣ አዳማ፣ አዋሽ ሁሉም በዛ ክብ ውስጥ ናቸው። ሲመሽ 40 ሜትሩ ለቅርብ ሰው መጥፎ ይሆናል፣ ወደ 80 ሜትር ባንድ ትወርዳለህ፣ ሽቦውም እጥፍ ይረዝማል። እኛ ደግሞ ለማግኔታዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሲግናሉ ሚንቀጠቀጥበት ሰዓት አለ፣ ከባድ መልክት ካለ በቀን መጨረስ ነው።

ለዚህኛው ግን የእጅ ሬዲዮ አይሆንም፣ ኤችኤፍ ሚባለው፣ በነዚህ 40 እና 80 ሜትር ባንዶች ላይ ሚሰራ መሣሪያ ነው፣ ዋጋውም ፈቃዱም ሌላ ደረጃ ነው። በየሰፈሩ አይጠበቅም፣ ለአንድ አካባቢ አንድ ይበቃል።

ፉሪ
ይቅርታ ግን ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? አሁን በ2018 ዓ.ም ሳተላይት ስልክ አለ፣ ሳተላይት ኢንተርኔት አለ፣ ዓለም እኮ ሄዷል። የአያቶቻችንን ሬዲዮ ከምናነሳ መንግሥትን ታወሮቹን በደንብ ባትሪ አድርግልን ማለት አይሻልም?

የድሮ ኦፕሬተር
ልጄ ፉሪ፣ ታወሩ ባትሪ ይደረግለት ያልከው ልክ ነው፣ ጠይቁ። ግን ሁለቱ አይጣሉም።

እኔ ሞባይል ከመምጣቱ በፊት የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ሬዲዮ ክፍል ነበርኩ። ላንድክሩዘሮቹ ፊት ላይ ያ ረጅም አንቴና እየተወዛወዘ ሲሄድ ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ፣ ኮዳን ሚባል ሬዲዮ ነበር። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ጠዋት በተወሰነ ሰዓት የፊልድ ጣቢያዎችን በየተራ እጠራለሁ፣ እያንዳንዱ ስሙ ሲጠራ ብቻ ነው ሚመልሰው፣ መልክት ያለው አለኝ ይላል፣ የሌለው የለኝም ብሎ ዝም ይላል። አሥራ ምናምን ጣቢያ በአጭር ጊዜ ይጠናቀቃል። መኪና መንገድ ላይ ከሆነ በየሰዓቱ ያለበትን ይነግረናል፣ ሁለት ሰዓት ካለፈው ፍለጋ ይጀመራል። ሳተላይት ስልክ ይሄን አያደርግልህም፣ አንድ ለአንድ ነው። ሬዲዮ ላይ አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል፣ ድልድዩ ተወስዷል ሲል አንዱ፣ ሌሎቹ አምስቱም መኪኖች ይመለሳሉ። ለአደጋ ጊዜ የሱ ዋጋ ትልቅ ነው።

መልክት አቀባበሉንም ልንገራችሁ፣ ዛሬ ያለው ወጣት እሱን ነው ያላየው። ፎርም አለ። ቁጥር፣ ከማን፣ ለማን፣ ሰዓት፣ የቃል ብዛት። ከዛ ጽሑፉ። ላኪው አራት አምስት ቃል ይልና ያቆማል፣ ተቀባዩ እስኪጽፍ ነው። ሲያልቅ ተቀባዩ ከላይ እስከታች መልሶ ያነባል፣ ላኪው ልክ ነው ካላለ መልክቱ አልሄደም ማለት ነው። ቁጥር ደግሞ ሁለት መቶ አሥራ አራት አይባልም፣ ሁለት፣ አንድ፣ አራት ነው፣ ሲግናል ሲቆራረጥ ሁለት መቶው ይጠፋና አሥራ አራት ብቻ ይደርሳል። ኮንዶሚኒየም ላይ ብሎክ 214 እና ብሎክ 14 የተለያየ ሰፈር ነው፣ አምቡላንስ የት እንደሚሄድ አስቡት።

ሲስተር ሱሉልታ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይሄ እኛ ጋም ለሪፈር ቢደረግ በጣም ነው ሚጠቅመው። ቁጥሩን ያሉት እውነት ነው፣ የደም ዓይነትና የመድኃኒት መጠን ላይም እንደዛው ነው።

907 በጎፈቃደኛ
እኔ አምቡላንስ ላይ ነው ማገለግለው። ጋሼ ካሉት ላይ አንድ ልጨምር፣ ሰዓት። መልክት ላይ «3 ሰዓት ላይ» ተብሎ ሲመጣ የማን 3 ሰዓት ነው? የኛ 3 ሰዓት ጠዋት በፈረንጁ 9፡00 ነው፣ ሬዲዮ ሰዎቹ ሚጠቀሙት የዓለም ሰዓት ላይ ደግሞ 06፡00 ነው። የውጭ ድርጅት መሃል ከገባ ሦስቱም አንድ ወረቀት ላይ ይገኛሉ። አስቀድሞ አንዱን መርጦ መስማማትና «በኢትዮጵያ ጠዋት» ብሎ አብሮ መጻፍ ነው።

ሌላው፣ እባካችሁ ሳይጠሯችሁ አትሂዱ። አደጋ ቦታ ላይ በጎ ሰው ሲበዛ እሱ ራሱ ሌላ አደጋ ነው። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ፣ መጀመሪያ የተንሸራተተው አፈር ውስጥ ያሉትን ለማውጣት የተረባረበው ሕዝብ ላይ ሁለተኛው ዙር መጣበት። ነፍስ ይማር። ሬዲዮ የያዘ ሰው እንደዛ ቦታ ቆፋሪ መሆን የለበትም፣ ራቅ ብሎ ዳገቱን ሚያይበት ቦታ ላይ ይቆማል፣ አፈሩ ሲንቀሳቀስ ውጡ ይላል። ሥራው ያ ነው፣ ዓይንና አፍ።

የታካሚ ስም ደግሞ ሬዲዮ ላይ አይጠራም። አማተር ባንድ ላይ መልክት በኮድ መሸፈን ስለማይፈቀድ ያልከው ሁሉ መሣሪያ ላለው ሁሉ ይሰማል። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የጉዳት ዓይነት፣ ቦታ፣ በቃ።

ሜሪላንድ ያለሁ
እዚህ አሜሪካ ፈቃድ አለኝ፣ ስለዚ ውጭ ሆኖ የታየውን ልጨምር። 2017 በፈረንጅ አቆጣጠር ፖርቶ ሪኮን ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታት መብራቱም ስልኩም ደሴቱ ሁሉ ላይ ሄደ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል የአማተሮቹን ማኅበር ጠይቆ 22 ኦፕሬተሮች ተላኩ። ልብ በሉ፣ ቀይ መስቀል ጠይቆ ነው። ሥራቸውም ከተረፉ ሰዎች ስም እየመዘገቡ ቤተሰብ ጋ መልክት ማድረስ ላይ ያተኮረ ነበር። ብዙ ሰው በአደጋ ጊዜ ሬዲዮ ሲባል የጩኸት ጥሪ ይመስለዋል፣ አብዛኛው ግን «እኔ ደህና ነኝ ለእማዬ ንገሩልኝ» ነው።

በዛው በፈረንጅ አቆጣጠር 2004 ላይ ደግሞ ሱናሚው ሲመታ ሕንድ ደሴቶች አንዳማን ላይ ፖርት ብሌር ውስጥ አማተሮች ለሌላ ነገር፣ ለመዝናኛ ግንኙነት መሣሪያቸውን ዘርግተው ነበር፣ ያንኑ ወደ አደጋ ጊዜ መገናኛ አዞሩት። መሣሪያው አስቀድሞ ተተክሎ ስለነበረ ነው የሆነው። አደጋ ከደረሰ በኋላ ከጉምሩክ ሚወጣ ሬዲዮ ለማንም አይደርስም።

ፉሪ
እሺ ገባኝ፣ ጋሼ ያሉት አንዱ ተናግሮ ሁሉም ሚሰማው ነገር አሳምኖኛል። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ባለንበት ጊዜ ጣሪያ ላይ አንቴና ሲቆም ጎረቤት ምን ይላል? ሌላ ነገር ነው ሚጠረጥሩት። ልጆቹን ችግር ውስጥ እንዳትከቷቸው ነው ፍርሃቴ።

ሞገድ 40
ፉሪ ይሄ በጣም ተገቢ ስጋት ነው፣ እኔም ማንም ቀለል አድርጎ እንዲያየው አልፈልግም። ለዚህ ነው ብቻችሁን አትጀምሩ ያልኩት። ፈቃዱ በማኅበሩ በኩል፣ ጣቢያው በማኅበሩ ስም፣ ወረዳው በደብዳቤ ይወቅ፣ ኮሚኒቲ ፖሊሱ መጥቶ ይይ፣ የብሎኩ ነዋሪ ስብሰባ ላይ ይነገር። አንቴናው ስር የፈቃዱ ኮፒ ይለጠፍ። ተደብቆ ሚሰራ የአደጋ ጊዜ ሬዲዮ ለማንም አይጠቅምም፣ በአደጋው ቀን ማን ያምነዋል? ፈቃድ እስኪገኝ ድረስ ደግሞ ባዶ እጅ አይደላችሁም፣ ያለ ሬዲዮ ሚሰራ ብዙ ሥራ አለ። የትኛው ብሎክ ላይ አቅመ ደካማ አለ፣ ማን ነርስ ነው፣ ማን መኪና አለው፣ ስልክ ሲጠፋ ሰው የት ይሰበሰባል፣ በእግር መልክት ሚያደርስ ማነው። ይሄ ሁሉ ወረቀት ላይ ከሌለ ሬዲዮው ቢኖርም ሚያወራው ነገር የለውም። የጋሼን ፎርም ዛሬ በወረቀት ልምምድ ማድረግ ይቻላል፣ አንዱ 4ኛ ፎቅ ሌላው ምድር ሆኖ፣ ፈቃድ አያስፈልገውም።

የድሮ ኦፕሬተር
እሱን እኔ ላስተምር እችላለሁ። ገላን ነው ምኖረው፣ ለኮዬ ቅርብ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ አለኝ፣ ልጆቹ ደብተርና እርሳስ ይዘው ይምጡ፣ እስክሪብቶ ዝናብ ላይ አይጽፍም።

ኮዬ ልጅ
ጋሼ በጣም እናመሰግናለን፣ አድራሻዎትን በውስጥ መስመር ይላኩልኝ። ለኮሚቴው ነገርኳቸው፣ የዎኪቶኪው ገንዘብ እንዲቆይ ተስማምተናል፣ ሁለት ልጆች አምስት ኪሎ ሄደው እንዲጠይቁ ተመርጠዋል፣ አንዷ ኤሌክትሪካል ተማሪ ናት። ለወረዳው ደብዳቤ እኔ እጽፋለሁ።

ሞገድ አንድ ነገር ብቻ። ፈቃዱ ሲገኝ ለኤችኤፉ ኃይል ምን እናዘጋጅ? አንዱ ጎረቤት ከኢንቨርተር የተረፈ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ልስጥ ብሏል። ከጣሪያ ወደ ቤት ሚወርድ 20 ሜትር ኬብልም አለን፣ አርጂ 58 ይላል ላዩ ላይ።

ሞገድ 40
ባትሪው ይበቃል። ሊድ ባትሪ ከሆነ ግማሹን ብቻ ነው መጠቀም ያለብህ፣ ከዛ በታች ካወረድከው ይሞታል፣ ስለዚ 50 አለህ በል። ኤችኤፍ ሬዲዮ ሲያዳምጥ 1 አምፔር አካባቢ ነው ሚበላው፣ በ100 ዋት ሲናገር ግን ወደ 20 ይደርሳል። ዋቱን ቀንሰህ 10 አምፔር ላይ ብታደርገው፣ ከአሥር ደቂቃ አንዱን ብቻ ብትናገር፣ በአማካይ ወደ 2 አምፔር ነው፣ አንድ ቀን ሙሉ ያስኬድሃል። ጣሪያው ላይ አንድ 100 ዋት ሶላር ከጨመርክ ፀሐይ ባለበት ወራት ከሚበላው ብዙውን ይመልስልሃል፣ በክረምት ግን አትመካበት።

ኬብሉ ለ7 ሜጋኸርዝ ምንም አይልም፣ ተጠቀሙበት። ለ145 ሜጋኸርዙ፣ ለእጅ ሬዲዮው ባንድ ግን አይሁን፣ በ20 ሜትር ላይ ከኃይሉ ግማሽ በላይ ኬብሉ ውስጥ ይቀራል። ለሱ አርጂ 213 ፈልጉ፣ ወፍራም ነው፣ ካልተገኘ ሬዲዮውን ጣሪያ ላይ አውጥታችሁ ሰውዬው እዛው ተቀምጦ ያውራ።

ታወር ቴክኒሻን
መሬት ማሰሪያውንም አትርሱ፣ ኮዬ ላይ በክረምት መብረቅ አለ። አንቴናውን ከመስቀላችሁ በፊት ንገሩኝ፣ መጥቼ አያለሁ።